ለአንድ ሰው የበዛ ግዛት፦ የዲዮቅልጥያኖስ ዘመንና ለውጦቹ

የጋላክሲ ንጉሠ ነገሥት በሚነግሥባቸው ልቦለዶች ውስጥ የማይቀር አንድ ገጽ አለ። አዲሱ ንጉሥ ዙፋን ላይ ይወጣና ለውጥ ያውጃል። ገጹን ስንገልጥ ለውጡ ተፈጽሞ እናገኘዋለን። እኔን የሚያሳስበኝ በሁለቱ ገጾች መካከል የተዘለለው ነው። ትእዛዙን ከብዙ ሺህ ፀሐይ ማዶ ማን አደረሰው? የደረሰውንስ ማን ፈጸመው? የፈጻሚው ደመወዝ ከማን ኪስ ወጣ? ንጉሡ በሞተ ማግስት ምን ሆነ?

እነዚህ ልቦለዶች ሴኔታቸውን፣ ሌጌዎናቸውን፣ አገረ ገዢዎቻቸውን የተዋሱት ከሮም ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ወስዶ ለሮም ማቅረብ ይቻላል። ሁሉንም ጥያቄዎች በአንድ የንግሥና ዘመን ውስጥ የተጋፈጠ ሰውም አለ፤ ከ284 እስከ 305 የነገሠው ዲዮቅልጥያኖስ። (ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለእኛ አንባቢ ስሙ እንግዳ አይደለም። በስንክሳር የቅዱስ ፋሲለደስና የቅዱስ ፊቅጦር አሳዳጅ ሆኖ እናውቀዋለን፤ ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረውም እሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው። ስደቱ ላይ እንደርሳለን። አስቀድሞ ግን ሰውየውን በቢሮው ውስጥ፣ በመዝገብና በካርታ መካከል ማየት ይጠቅማል፤ ስደቱ ራሱ የተካሄደው በዚያው የቢሮ መዋቅር ስለሆነ።

ከእሱ በፊት የነበረው

በ235 ወታደሮች ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ሴቬሮስን ከነእናቱ ገደሉት። ከዚያ በኋላ እስከ 284 ድረስ በ49 ዓመት ውስጥ ከ20 በላይ ንጉሠ ነገሥታት ተፈራረቁ። በሕመም የሞተው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በሰይፍ አለቀ፣ ያውም በራሱ ወታደሮች ሰይፍ። ቫሌሪያኖስ በ260 በፋርሱ ንጉሥ በሻፑር ተማርኮ በዚያው ቀረ። በምዕራብ ጋሊያ (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) የራሷን ንጉሥ አነገሠች፤ በምሥራቅ የፓልሚራዋ ንግሥት ዘኖቢያ እስከ ግብጽ ድረስ ያዘች። አውሬሊያኖስ የተበታተነውን በ274 ሰብስቦ አንድ ካደረገ በኋላ በማግስቱ ዓመት የገዛ መኮንኖቹ ገደሉት።

ይህን ሁሉ በሰዎች ክፋት ብቻ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ግን አያዋጣም። ግዛቱ ሦስት ትላልቅ ግንባሮች ነበሩት፤ ራይን፣ ዳኑብ፣ ኤፍራጥስ። ዜና ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሠራዊት ለማዛወር ደግሞ ወራት። ንጉሠ ነገሥቱ ኤፍራጥስ ላይ ፋርስን ሲዋጋ ራይን ላይ ያለው ጦር በጀርመኖች ይወረራል። ያ ጦር የሚፈልገው ቅርብ ሆኖ የሚያዝ፣ የሚሸልም፣ የሚሾም ንጉሥ ነው። ስለዚህ የአካባቢውን አዛዥ ያነግሣል። የነገሠው አዛዥ ደግሞ ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፤ ማሸነፍ ወይም መሞት። የግንባሩን ጦር ይዞ ወደ ዋናው ንጉሥ ይዘምታል፤ ግንባሩ ባዶ ይቀራል። ለየወታደሩ የሚከፈለው የሹመት ስጦታ ሲበዛ ብሩ አነሰ፤ ዋነኛው የብር ሳንቲም በ270 አካባቢ ከመቶ አምስት እጅ ያነሰ ብር ብቻ የያዘ የመዳብ ቁራጭ ሆኖ ነበር።

የሥልጣን አያያዙ

ሰውየው በዳልማጥያ፣ ሳሎና ከተማ አካባቢ ከተራ ቤተሰብ የተወለደ፣ ዲዮቅልስ የሚባል ወታደር ነበር። የግብጽ ትውፊት ፍየል እረኛ ያደርገዋል፤ ያ የጠላት ወሬ ሳይሆን አይቀርም፤ ዝቅ ብሎ መነሣቱ ግን እውነት ነው። በ284 ወጣቱ ንጉሥ ኑሜሪያኖስ ከፋርስ ዘመቻ ሲመለስ ዓይኑ ታሟል እየተባለ በተሸፈነ ቃሬዛ ይጓዝ ነበር። ሽታው ሲከረፋ ወታደሮቹ መጋረጃውን ገለጡት፤ ሞቷል። ጥርጣሬው በአማቱ በአፔር ላይ ወደቀ። ኅዳር ላይ በትንሿ እስያ ኒቆምድያ አጠገብ ጦሩ ተሰብስቦ የንጉሡ ዘበኞች አለቃ የነበረውን ዲዮቅልስን አነገሠ። እሱም በሞቱ እጄ የለበትም ብሎ በፀሐይ ምሎ፣ አፔርን በዚያው በጉባኤው ፊት በገዛ ሰይፉ ገደለው። ፍርድ ነው ተባለ። ምስክር የሚሆን ሰው አፉ ተዘጋ ብሎ ያሰበም አልጠፋም።

በማግስቱ ዓመት ከኑሜሪያኖስ ወንድም ከካሪኖስ ጋር ተዋጋ። ካሪኖስን የገደለው የራሱ መኮንን ነው። ከዚህ በኋላ የሆነው ለዘመኑ እንግዳ ነበር፤ አዲሱ ንጉሥ የተሸናፊውን ሹማምንት አልፈጀም። የካሪኖስ ቀኝ እጅ የነበረውን አሪስቶቡሎስን በነበረበት ከፍተኛ ሹመት አጸናው። ልምድ ያለው ሹም ከጠላት ወገን ቢሆንም ሀብት መሆኑን የተረዳ ሰው ነው። ኋላ የምናያቸው ለውጦች ከዚህ ጠባይ የመጡ ይመስለኛል።

ዙፋኑን ለአራት ማካፈል

በ286 የጦር ጓደኛውን መክሲምያኖስን አቻው አድርጎ አውግስጦስ ሲል ሾመው። ምዕራቡ ለመክሲምያኖስ፣ ምሥራቁ ለእሱ ሆነ። ለራሱ «ዮቪዮስ»፣ የጁፒተር ወገን፣ ለጓደኛው «ሄርኩሊዮስ»፣ የሄርኩለስ ወገን የሚል ማዕረግ ሰጠ። አሳቢው ማን፣ ጉልበቱ ማን እንደሆነ ማዕረጉ ይናገራል።

ሁለት ግን አልበቃም። የእንግሊዝ ባሕረ ሰላጤ መርከቦች አዛዥ ካራውስዮስ በብሪታንያ ነገሠ፤ ሊያጠፉት ሞክረው አቃታቸው። ይህ ዐመፀኛ ያሳተመው ሳንቲም ደስ ይላል፤ የሦስቱን ፊት ጎን ለጎን ቀርጾ «ካራውስዮስና ወንድሞቹ» ይላል። ከውጭ ሆኖ ወደ ማኅበሩ አስገቡኝ እያለ ነው። ዲዮቅልጥያኖስ አላስገባውም፤ ማኅበሩን ግን አሰፋ። መጋቢት 293 ለእያንዳንዱ አውግስጦስ አንድ ቄሳር፣ ማለትም ምክትልና አልጋ ወራሽ ተሾመ። ለመክሲምያኖስ ቆንስታንቲዮስ፣ ለራሱ ጋሌሪዮስ። ጋሌሪዮስ የዲዮቅልጥያኖስን ልጅ ቫለሪያን አገባ። ቆንስታንቲዮስ ደግሞ የመክሲምያኖስን ቤት ልጅ ቴዎዶራን ሲያገባ የቆስጠንጢኖስን እናት ትቶ ነበር፤ ያቺ የተተወች ሴት በመስቀል በዓል የምናነሣት እሌኒ ናት።

አራቱም ለግንባራቸው ቅርብ በሆነ ከተማ ተቀመጡ፦ ኒቆምድያ፣ ሲርሚዩም፣ ሚላን፣ ትሪየር። ሮም ከዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ቬኒስ ውስጥ፣ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹ አራቱ ነገሥታት ሁለት ሁለት ሆነው ተቃቅፈው ቆመዋል። ፊታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ማን ማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ቀራጩ የታዘዘው ይህንኑ ይመስላል፤ አንዱ ቢገደል ሌሎቹ ሦስቱ አሉ፣ መንግሥቱ ከሰውየው ጋር አይሞትም።

ሥርዓቱ በጦር ሜዳ ተፈተነና አለፈ። ብሪታንያ በ296 ተመለሰች። በ297 ግብጽ ዐመፀች፤ ዲዮቅልጥያኖስ እስክንድርያን ለስምንት ወር ከቦ ያዛት። ለእሱ ክብር የቆመው ትልቁ ዓምድ እዚያ ዛሬም አለ። ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዶ የኑብያን ድንበር ተመለከተና ከመጀመሪያው ፏፏቴ በላይ ያለውን መሬት ለቆ ወታደሩን ወደ ፊላይ ሰበሰበው፤ መሬቱ የሚያስገባው ግብር ጠባቂዎቹን ስለማያበላ። ግዛትን በፈቃዱ የሚያሳንስ ድል አድራጊ በልቦለድ አላጋጠመኝም። ጋሌሪዮስ በዚያው ጊዜ ገደማ በፋርሶች ተሸነፈ። በሐምራዊ ልብሱ እንዳለ አንድ ማይል ያህል በዲዮቅልጥያኖስ ሠረገላ አጠገብ በእግሩ እንዲሄድ እንደተደረገ ይነገራል። በ298 ግን በአርመንያ ተራሮች ዞሮ የፋርሱን ንጉሥ ናርሴን ድባቅ መታ፤ ሚስቶቹንና ልጆቹን ሳይቀር ማረከ። በተከተለው ውል ሮም ከጤግሮስ ማዶ ሳይቀር አገር አገኘች። በእነዚህ ዓመታት አንድም ዐመፀኛ ሊዘልቅ አልቻለም። ሃምሳ ዓመት ያልተገኘ ነገር ነው።

ካርታውና መዝገቡ

ዐመፅ የሚወለደው ብዙ ጦርና ብዙ ግብር በአንድ አገረ ገዢ እጅ ሲገባ ነው። ስለዚህ አውራጃዎቹን ቆራረጣቸው። 50 ገደማ የነበሩት ወደ 100 ገደማ ሆኑ። በላያቸው 12 ትላልቅ ክፍላተ ሀገር ተቋቋሙ፤ «ዲዮቄሲስ» ይባላሉ። ዋናው ቁም ነገር ግን አገረ ገዢው ዳኝነትና ግብር ብቻ ሲቀሩለት የድንበሩ ጦር ቀስ በቀስ ለሌላ አዛዥ መሰጠቱ ነው። ጦር ያለው ስንቅ የለውም፣ ስንቅ ያለው ጦር የለውም። ለዘመናት ግብር የማታውቀው ጣልያንም እንደ ማንኛውም አውራጃ ተከፋፍላ ገባር ሆነች።

ወጪው ቀላል አልነበረም። ላክታንቲዮስ የተባለው ክርስቲያን ጸሐፊ፣ በዲዮቅልጥያኖስ ጥሪ ወደ ኒቆምድያ መጥቶ ላቲን ያስተምር የነበረ፣ ተቀባዩ ከከፋዩ በዛ ብሎ ያማርራል። ሰውየው ንጉሡን አምርሮ ይጠላዋልና የሚለውን ሁሉ እንዳለ መውሰድ አይገባም። ሆኖም ምሬቱ የብዙ ገበሬ ምሬት መሆኑን መጠራጠር ይከብዳል። በ6ኛው መቶ ዘመን የኖረ አንድ የቢዛንታይን ሹም የዲዮቅልጥያኖስን ጦር 389,704 ወታደርና 45,562 መርከበኛ ይለዋል። ቁጥሩ እስከ አንድ ሰው መቆጠሩ ራሱ የዚህን መንግሥት ጠባይ ያሳያል፤ መዝገብ የሚወድ መንግሥት ነው።

ግብሩም በመዝገብ ላይ ቆመ። ቀድሞ ጦሩ በደረሰበት አገር እህሉንና ከብቱን እየነጠቀ ይሄድ ነበር። አሁን መሬቱ ተለክቶ፣ ሰውና ከብቱ ተቆጥሮ በአንድ ዓይነት የግብር መስፈሪያ ተመደበ። በሶርያ አንድ መስፈሪያ ማለት ለም መሬት ከሆነ 20 ዩጌሩም፣ ማለትም 5 ሄክታር ያህል፣ መካከለኛ ከሆነ 40፣ ጠፍ ከሆነ 60፣ ወይን ከሆነ 5 ብቻ ነው። መንግሥት በየዓመቱ የሚያስፈልገውን አስልቶ ለመስፈሪያዎቹ ብዛት ያካፍላል። በአጭሩ ዓመታዊ በጀት ነው። በ297 የግብጹ አገረ ገዢ ያወጣው አዋጅ ምክንያቱን ሲናገር ግብሩ ያለ ሥርዓት ተጥሎ አንዱ ሲቀለው ሌላው እንደሚከብደው ነገሥታቱ ተረድተዋል ይላል፤ የአዋጁና የተመኑ ግልባጭም ወደ እያንዳንዱ መንደር እንዲላክ ያዝዛል። እያንዳንዱ ገበሬ ምን እንዳለበት አስቀድሞ እንዲያውቅ ማለት ነው። ከእሱ በፊት ይህን ያሰበ ንጉሥ አላውቅም።

በግብጽ ፓኖፖሊስ ከተማ የተገኙ የ298 እና የ300 የቢሮ ደብዳቤዎች የዚህን ማሽን ውስጡን ያሳያሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ሊያልፍ ነው፤ ስንቅ፣ መርከብ፣ ዳቦ ጋጋሪ መዘጋጀት አለበት። የአካባቢው ሹም ለከተማው ምክር ቤት አለቃ ይጽፋል፤ መልስ ያጣል፤ ደግሞ ይጽፋል፣ ይቆጣል፣ ለበላይ አመለክታለሁ ይላል። ከላይ ደግሞ አለቃው እሱን ይቆጣዋል። የዓለም ገዢ ትእዛዝ የመጨረሻዋን ማይል የሚጓዘው እንዲህ ነው፤ በተሰላቸ ሰው እግር።

የተሰላቸበትም ምክንያት አለው። ግብሩ ከጎደለ ከኪሳቸው የሚሞሉት የከተማው ምክር ቤት አባላት ነበሩ። ቀድሞ ክብር የነበረው መቀመጫ ሸክም ሆነና ሰው ይሸሸው ጀመር። ገበሬው በተቆጠረበት ካልተገኘም መዝገቡ ይፈርሳል። ቆስጠንጢኖስ በ332 ባወጣው ሕግ የሸሸ ጭሰኛ ወደ ነበረበት እንዲመለስ፣ ሊሸሽ ያሰበም በሰንሰለት እንዲታሰር ሲፈቅድ መንገዱ የተጠረገው በዚህ ቆጠራ ነው። ፍትሐዊ ግብር ተብሎ የተጀመረ ነገር ሰውን ከመሬት ጋር እስከ ማሰር ደረሰ።

የ301 የዋጋ አዋጅ

ከለውጦቹ ሁሉ ለጋላክሲ ንጉሠ ነገሥታት ጸሐፊዎች ትምህርት ይሆናል የምለው ይህ ነው፤ ንጉሡ ኃይሉ በሞላበት፣ ጠላቱ ሁሉ በተሸነፈበት ሰዓት የከሸፈ ነውና።

ዲዮቅልጥያኖስ ጥሩ ገንዘብ ለመመለስ ደክሟል። ከአንድ ሊብራ (የሮም የክብደት መለኪያ) 60 የሚወጣ የወርቅ ሳንቲም፣ ከአንድ ሊብራ 96 የሚወጣ ንጹሕ የብር ሳንቲም፣ ለዕለት ገበያ ደግሞ ብር የተቀባ ትልቅ የነሐስ ሳንቲም አሳተመ። ሰው ወርቁንና ብሩን ደበቀው፤ ገበያው ላይ የቀረው ነሐሱ ነው። እሱም ለደመወዝ በብዛት ስለሚታተም ይረክሳል። መስከረም 1 ቀን 301 መንግሥት መፍትሔ ያለውን አወጀ፤ የሳንቲሞቹ ዋጋ በእጥፍ ይቆጠር። የብሩ ሳንቲም ከዛሬ ጀምሮ 100 ዲናር ነው። በወታደሩ ቦርሳ ያለው ገንዘብ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ። ነጋዴውም ማንበብ ይችላል፤ ዋጋውን ከፍ አደረገ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ታዋቂው አዋጅ ወጣ። መግቢያው ረጅምና ቁጡ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በነጋዴ ስስት ላይ ይጥላል፤ ወታደሩ የተሰጠውን ጉርሻና ደመወዝ በአንድ ግዢ ይነጠቃል ይላል። ከጥቂት ወራት በፊት ገንዘቡን በአዋጅ እጥፍ ስለማድረጉ ግን አንዲት ቃል የለችም። ቀጥሎ ዝርዝሩ ይመጣል፤ ከ1,000 የሚበልጥ ዕቃና አገልግሎት፣ ለእያንዳንዱ ጣሪያ። በጦር ሰፈር መስፈሪያ አንድ ስንዴ 100 ዲናር፣ ገብስ 60። አንድ ሊብራ የአሳማ ሥጋ 12፣ የበሬ ሥጋ 8። ጸጉር አስተካካይ በራስ 2። የእርሻ ቀን ሠራተኛ ምግቡን ችለውት በቀን 25፣ አናጢ 50። ፊደል አስተማሪ በአንድ ልጅ በወር 50፣ የንግግር ጥበብ መምህር 250፤ ጠበቃ ግን ለአንድ ሙግት 1,000። ሐምራዊ የተነከረ ሐር በሊብራ 150,000፤ ደህና ወንድ አንበሳም እንዲሁ 150,000። ከጣሪያው አስበልጦ የሸጠ ይሞታል። አስበልጦ የገዛም፣ ዕቃ የደበቀም እንደዚሁ።

የዝርዝሩን ትጋት አለማድነቅ አይቻልም፤ የግዛቱን ኑሮ የሚነግረን ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ የለም። ስሕተቱ ግን በራሱ ዝርዝር ውስጥ ተጽፏል። 1,200 ሊብራ የጫነ ጋሪ ለአንድ ማይል 20 ዲናር እንዲከፈለው ይፈቅዳል። እንዲህ ያለ ጋሪ የሚጭነው ስንዴ በአዋጁ ዋጋ 6,000 ዲናር ያህል ያወጣል። 300 ማይል ከተጓዘ የማጓጓዣው ብቻ 6,000 ነው። በባሕር ደግሞ ያንኑ መስፈሪያ ስንዴ ከእስክንድርያ ሮም ለማድረስ 16 ዲናር ይበቃል። የስንዴ ጣሪያው ግን በተመረተበት አገርም፣ ከባሕር በራቀ ተራራማ ከተማም ያው 100 ነው። ራብ ወዳለበት ከተማ እህል የጫነ ነጋዴ በሕግ መክሰር አለበት፤ አልከስርም ካለ ሞት ይጠብቀዋል። የሚቀረው አለመጫን ነው።

የሆነውም ይኸው ነው። ላክታንቲዮስ ለትንንሽ ነገር ብዙ ደም ፈሰሰ፣ ከፍርሃት የተነሣ ዕቃ ከገበያ ጠፋ፣ ውድነቱ ባሰ፣ በመጨረሻም ሕጉ በግድ ቀረ ይላል። እዚህ ላይ ጥላቻው ዓይኑን አላጨለመበትም፤ የወርቅ ዋጋ በዲናር ሲቆጠር ከዚያም በኋላ መውጣቱን አላቆመም። አዋጁ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ከ40 በላይ በሆኑ ቦታዎች ቁርጥራጩ ተገኝቷል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በምሥራቅ፣ በዲዮቅልጥያኖስና በጋሌሪዮስ ግዛት ነው። ከአራቱ ነገሥታት የምዕራቦቹ ሁለቱ ነገሩን አልገፉበትም። ስማቸው በአዋጁ ራስ ላይ ተጽፎ ነበር።

ይህ ከተሳኩለት ለውጦች፣ ከግብሩና ከአስተዳደሩ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። አውራጃ መቁረጥ፣ ሹመት መለየት፣ መሬት መለካት በራሱ ሹማምንት እጅ ያለ ነገር ነው፤ ደመወዝ የሚከፍላቸው እሱ ነውና ያዛቸዋል። ዋጋ ግን በሚሊዮን ሰው ጓዳ ውስጥ ይወሰናል፤ በእያንዳንዱ ጓዳ በር ላይ ወታደር አይቆምም።

ስደቱ በመንደር ደረጃ

የካቲት 23 ቀን 303 ንጋት ላይ ወታደሮች ከኒቆምድያ ቤተ መንግሥት ትይዩ ያለውን ቤተ ክርስቲያን አፈረሱት። በማግስቱ አዋጅ ተለጠፈ፤ አብያተ ክርስቲያናት ይፍረሱ፣ መጻሕፍት ይቃጠሉ፣ ክርስቲያን ሹመት አይያዝ። አዋጁን የቀደደው ሰው በእሳት ተቃጠለ። ቀጥሎ ካህናትን የሚያስር፣ በ304 ደግሞ ሕዝቡን ሁሉ ለጣዖት እንዲሠዋ የሚያስገድድ ትእዛዝ ወጣ። በግብጽና በፍልስጥኤም የፈሰሰው ደም ብዙ ነው፤ ዓመተ ሰማዕታት የሚለው ስም በከንቱ አልወጣም።

ትእዛዙ ወደ ታች ሲወርድ የገጠመው ግን የሚገርም ነው። ቆንስታንቲዮስ በምዕራብ ሕንፃ ማፍረስን አላለፈም። የቅርጣግናው ጳጳስ ለወታደሮች የመናፍቃን መጻሕፍት አስረከበ። ከግብጽ የተገኘ የ304 ሰነድ አለ፤ የአንዲት መንደር ቤተ ክርስቲያን አናጉንስጢስ፣ ማለትም መጻሕፍት አንባቢ፣ ወርቅም ብርም መሬትም አልነበረንም፣ ያለን ጥቂት ነሐስ ነው እሱንም አስረክበናል ብሎ ይምላል። በግርጌው ላይ ሌላ ሰው ፈርሞለታል፤ ምክንያት፣ «ፊደል ስለማያውቅ»። አንባቢው! ሌላ ግብጻዊ ክርስቲያን ደግሞ ለሚስቱ ሲጽፍ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሁሉ እንዲሠዋ እየተገደደ መሆኑን ሰምቶ ለወንድሙ ውክልና እንደሰጠ ይነግራታል፤ ወንድሙ ጣዖት ቢያጥን ግድ የሌለው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ሰነዱን የተቀበለው ጸሐፊ የአንባቢውን ፊደል አለማወቅ ሳይስቅ መመዝገቡን እጠራጠራለሁ። ሰማዕታቱ በግልጽ የከፈሉትን ዋጋ የማያሳንስ፣ በጎን የተካሄደ ሌላ ዓይነት እምቢታ ነው።

ጋሌሪዮስ ከሁሉም ይልቅ ስደቱን የገፋው ሰው በ311 በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ አዋጁን ሻረ፤ ክርስቲያኖችም ስለ ነገሥታቱ ደኅንነት ወደ አምላካቸው እንዲጸልዩ ጠየቀ። የእህቱ ልጅ ንጉሥ መክሲሚኖስ ዳያ ግን በምሥራቅ ቀጠለበት፤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ አንገቱ የተቆረጠው በዚያው በ311 መጨረሻ ነው።

ዙፋን መልቀቅና የተከተለው

ዲዮቅልጥያኖስ በ304 በጠና ታመመ። ግንቦት 1 ቀን 305 ከኒቆምድያ ውጭ፣ ከሃያ ዓመት በፊት በነገሠበት ኮረብታ ላይ ጦሩን ሰበሰበ። እያለቀሰ ደከመኝ አለ። በዚያው ቀን መክሲምያኖስ በሚላን ዙፋኑን ለቀቀ፤ ሳይወድ። ሁለቱ ቄሳሮች አውግስጦስ ሆኑ። አዲስ ቄሳር ሲጠራ የሁሉም ዓይን የቆንስታንቲዮስ ልጅ ቆስጠንጢኖስ ላይ ነበር፤ የተጠሩት ግን የጋሌሪዮስ እህት ልጅ ዳያና ሴቬሮስ የተባለ መኮንን ናቸው። ዲዮቅልጥያኖስ ሐምራዊ ካባውን አውልቆ ዳያን አለበሰውና ዳግም ዲዮቅልስ ሆኖ በሠረገላ ወደ ትውልድ አገሩ ሄደ። በስፕሊት፣ በባሕሩ ዳር ያሠራው 4 ሄክታር ገደማ የሚሆን ግንብ ይጠብቀው ነበር።

ሥርዓቱ የታቀደው ዙፋን በችሎታ እንዲተላለፍ ነው። ራሱ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ለእሱ ቀላል ነበር። ሁለቱ ባልደረቦቹ ግን ነበራቸው። ወታደሩም ታማኝነቱን ከአባት ወደ ልጅ እንጂ ከማዕረግ ወደ ማዕረግ ማስተላለፍ አያውቅም። ቆንስታንቲዮስ በሐምሌ 306 በብሪታንያ በዮርክ ከተማ ሲሞት ጦሩ እዚያው ቆስጠንጢኖስን አነገሠ። በጥቅምት የመክሲምያኖስ ልጅ ማክሴንቲዮስ በሮም ነገሠ፤ አባቱም ከጡረታ ተነሥቶ ካባውን መልሶ ለበሰ። ሴቬሮስ በ307 ተገደለ። አራት ንጉሥ የሚል ሥርዓት ለጦርነት በቂ ዙፋን አዘጋጅቶ ቆየ።

በ308 በዳኑብ ዳር በካርኑንቱም ተሰብስበው ሽማግሌውን ተመለስልን አሉት። በእጄ የተከልኩትን ጎመን ብታዩ ይህን አትጠይቁኝም ብሎ መመለሱ ተጽፏል። ጎመኑን ብዙ ሰው ያደንቅለታል፤ እኔ ግን ሚስቱንና ልጁን አስባለሁ። ቫለሪያ ባሏ ጋሌሪዮስ ከሞተ በኋላ ዳያን አላገባም ስላለች ከእናቷ ጋር ወደ ሶርያ ተጋዘች። አባትየው ልጄን ላኩልኝ እያለ መልእክተኛ ላከ፤ ማንም አልሰማውም። እሱ ከሞተ በኋላ ሁለቱም ሴቶች ከአዲሶቹ ነገሥታት አንዱ በሆነው በሊኪኒዮስ ትእዛዝ ተሰሎንቄ ላይ አንገታቸው ተቆረጠ። ለአዲሶቹ ነገሥታት የአሮጌው ንጉሥ ደም ያለባት ሴት ሁሉ የዙፋን ይገባኛል ጥያቄ ነበረች።

ቆስጠንጢኖስ ሁሉንም ተራ በተራ አሸንፎ በ324 ብቻውን ሲነግሥ የአራቱን ማኅበር አላስመለሰም። የቀረውን ግን ወሰደው፤ የተቆራረጡትን አውራጃዎች፣ 12ቱን ዲዮቄሲሶች፣ የጦርና የአስተዳደሩን መለያየት፣ የግብር መስፈሪያውን። ቤተ ክርስቲያንም ዲዮቄሲስ የሚለውን ስም ለራሷ መዋቅር ተዋሰች። በ337 እሱ ሲሞት ወታደሮች በቁስጥንጥንያ ወንድሞቹንና የወንድሞቹን ልጆች ፈጁ፤ ሦስቱ ልጆቹም ግዛቱን ተከፋፈሉ። ከ312 ጀምሮ የሚቆጠረው የ15 ዓመት የግብር ዙር፣ ከዲዮቅልጥያኖስ ቆጠራ የተወለደው፣ ቢዛንታይን እስክትወድቅ ድረስ በሰነዶች ላይ ይጻፍ ነበር።